ቀይ ማልያ የተጫነበት ቃሬዛ

ባለፈው ቅዳሜ ዓሣ እየጠበስኩ፣ ከመጥበሻዬ አጠገብ ካለው ኳስ ቤት በር ላይ አንዱ ጎረምሳ ሌላውን «ዛሬ ነው የምንቀብራችሁ!» ሲለው ሰማሁ። የኳስ ወሬ ነው። የሚቀበር ሰው የለም፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ጭልፋው ከእጄ ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ወደቀ፤ የፈነጠቀው ዘይት ክንዴን ለበለበኝ። ልጆቹ ዘወር ብለው «እማ፣ ምነው?» አሉኝ። «ምንም። ያንን ቃል ከኔ መጥበሻ ራቅ ብላችሁ ተናገሩት» አልኳቸው። ሳቁ። እኔ ዓሣዬን ገለበጥኩ። ቤቴ ገብቼ ክንዴን ቅባት ስቀባ አንዱ ነገር ሌላውን እየጎተተ ወደ ኋላ ይዞኝ ሄደ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ነገሩ ቢንጋደድብኝ አትፍረዱብኝ።

እዚህ ሐይቅ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ቆሮሶ ዓሣ ጠብሼ በመሸጥ ነው የኖርኩት። ኳስ ቤቱ የተከፈተው አጠገቤ ነው፤ በቆርቆሮ የታጠረ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ የተወጠረበት አዳራሽ። ስለዚህ ኳሱን አንድም ቀን ገብቼ ሳላይ ወሬውን ግን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ክለቦቹን በስማቸው አልጠራቸውም፤ ለኔ ቀዩና ሰማያዊው ናቸው። የቀዩ ደጋፊ ዋንጫ ካየ ዘመን የለውም፤ በየዓመቱ ግን «ዘንድሮ ይለያል» ይላል። የሰማያዊው ባለቤት ደግሞ ነዳጅ ያለው ሰው ነው ይላሉ፤ ደጋፊው ነዳጁ ከራሱ ጓሮ የሚቀዳ ይመስል ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው። ጠዋት ጀምረው ከዓሣዬ ፊት ይቆማሉ።

«ዘንድሮ እኮ አጥቂ ገዝተናል!»

«እናንተ መግዛት መች ታውቁበታላችሁ? የኛ ባለቤት ከኪሱ የሚንጠባጠበው ብቻ የናንተን ክለብ ከነሜዳው ይገዛል።»

«ገንዘብ ዋንጫ አይሆንም፣ ወንድሜ።»

«ታዲያ ምን ይሆናል? ዱአ? ስንት ዘመን ዱአ አደረጋችሁ?»

«አቋማችንን አላየህም? ማን አሸነፈን?»

«እናንተ በጥቅምት ሻምፒዮን፣ በሚያዝያ ለቀስተኛ ናችሁ!»

«ገዛን» ይላሉ፤ ወላሂ፣ ሆዴን የሚያገላብጠው ይሄ ቃል ነው። ምኑን ነው የገዛኸው? አንተ እኮ አንዲት ዓሣ ለሁለት ከፍለህ፣ ጭንቅላቱ ለኔ ይሁን ለሱ ብለህ የምትጣላ ሰው ነህ። የሱሪህን ጉልበት እናትህ ጠቅማልሃለች። ባህር ማዶ ያለ ሰው፣ መኖርህንም የማያውቅ ሰው፣ ሌላውን ሰው ገዛ፤ አንተ እዚህ ሐይቅ ዳር ቆመህ «ገዛን» ትላለህ። ሀብታም ነን ትላለህ። ቱ! የሰው ሀብት እየቆጠሩ እርስ በርስ መተናነቅ ከልመና የባሰ ነገር ነው። ለማኝ እንኳ የሰጠውን ይመርቃል፤ አይፎክርም።

እኛ ልጆች ሳለን ኳስ ሌላ ነገር ነበር። ዛሬ የጫት ተራ የሆነው ቦታ ላይ ያኔ ሁለት ሱቅ ብቻ ነበር፤ ከረሜላ በአምስት ሳንቲም፣ የፀጉር ቅባት በሽልንግ። ከሱቆቹ ወደ ታች ሲወርዱ ሐይቁ ዳር ጨፌ አለ፤ ሜዳው እሱ ነበር። የኛ ሰፈር ልጆች ከውጫሌ ልጆች ጋር ይጋጠሙ ነበር። ውጫሌዎች ከአምባሰል በእህል መኪና ተጭነው፣ ከነአጨብጫቢ ሴቶቻቸው፣ እየዘፈኑ ይመጣሉ። የኛዎቹ ከነቴራ ነጭ ነበር፤ ቀይ ይሁን ተባለና እኛ ሴቶቹ ሰፌድ የምንሰፋበትን የአለላ ቀለም በርሜል ውስጥ በጥብጠን ነከርነው። ሸጋ ሆኖ ነበር። ግን ጨዋታው ሲጋጋልና ላብ ሲመጣ ቀለሙ ይለቃል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገታቸው፣ ክንዳቸው፣ ጭናቸው ቀይ ሆኖ፣ የታረደ በግ የተሸከሙ ይመስሉ ነበር። እናቶቹ ከዳር ሆነው «ኧረ ልጄ ደማ!» ብለው ይጮሃሉ፤ እኛ ቀለም ነካሪዎቹ በሳቅ እንፈርሳለን። ኳሷ ሐይቅ ውስጥ ስትገባ ጨዋታው ይቆማል። ታንኳ ያለው ሰውዬ እስኪያመጣት ድረስ፣ ንፋሱም ወደ መሃል እየወሰዳት ስለሚያስቸግረው፣ ሁለቱም ቡድን ሣሩ ላይ ተቀምጦ ከአንድ ቁና ቆሎ ይበላል።

ያኔም ክርክር ነበር፤ አልዋሽም። ለውጫሌዎች አንድ የእህል ነጋዴ ከሥሩ ጥርስ ያለው እውነተኛ የኳስ ጫማ ገዛላቸው። የኛዎቹ ሸራ ያለው በሸራ፣ የሌለው በኮንጎ ጫማ ነበር፤ ኮንጎው እንዳይወልቅ በገመድ ከቁርጭምጭሚት ጋር ይታሰራል። ገበያው ሁሉ ለሁለት ተከፈለ። ጫማ ያለው ያሸንፋል፣ የለም ሐይቅ ጠጥቶ ያደገ ያሸንፋል። በርበሬ ሻጯ ከጨው ሻጯ ጋር አትነጋገርም። ስድቡ ግን በዜማ ነበር፤ እዚያው በአምባሰል ቅኝት፣ ለስላሳ አድርገን ነበር የምንነክሳቸው፦

የውጫሌው ጎበዝ ጫማው ያምራል አሉ፣
ኳሷ ውጭ ቀርታ ጫማው ገባ ጎሉ።

የነሱ ሴቶች ደግሞ ከመኪናው ላይ ሆነው ይመልሳሉ፦

የሐይቅ ልጅ ዓሣ ነው፣ ከባሕር ሲወጣ፣
አፉን ይከፍታል ትንፋሹ ሲታጣ።

ቢያሸንፉም ቢሸነፉም ሳይበሉ አይሄዱም። ሥጋ ቢሆን የእስላም ቢላዋ፣ የክርስቲያን ቢላዋ ተብሎ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ ዓሣ ግን አራጅ የለውም። ስለዚህ እናቴ አንድ ትልቅ መጥበሻ ትጥዳለች፣ መሐመድም ገብረ ማርያምም ከአንዱ ይበላል። ያኔ አንድ ትልቅ ቆሮሶ በስሙኒ ነበር። ጫማ ያለውም የሌለውም ጣቱን እየላሰ «ያች ሁለተኛዋ ጎል ግን…» እያለ ይከራከራል። እንደዚያ ያለ ክርክር ሆድ አያገላብጥም።

ኋላ ኳሱ ቆመ። ማን አስቆመው፣ ለምን ቆመ፣ እኔ እሱን አልጽፍም፤ የጠየቀኝም የለ። ልጆቹ ወጡና አለቁ፤ ከፊሎቹ በጭነት መኪና ሄዱ፣ ከፊሎቹ በእግራቸው ጠፉ። ጨፌው ላይ ሣሩ አደገ። የበረኛችን እናት ያንን ቀለም የሚለቅ ከነቴራ ምሰሶ ላይ ሰቅላ፣ አትነካው፣ አታጥበው፣ ውሃ ልንቀዳ ስናልፍ ከደጃፏ ሆና «መኪና አይታችኋል?» ትለን ነበር። እኔ ፍርሃትን የተማርኩት እዚያ ደጃፍ ላይ ነው። ከአራተኛ ክፍል ይልቅ እሱ ነው በደንብ የገባኝ።

ልጄ እንድሪስ ከኳስ ቤቱ ጋር አብሮ አደገ። አባቱ፣ እሱ ገና በእግሩ ሳይቆም ነው የሞተብን፤ እኔና እሱ ብቻ ነን። ጓደኛው አበባው ደግሞ የጎረቤቴ የብርቄ ልጅ ነው። ብርቄ ስትጾም እኔ ለአበባው ቁርስ አበላለሁ፣ እኔ ስጾም ብርቄ ለእንድሪስ ምሳ ታበላለች፤ እንዲህ አድርገን አሳደግናቸው። ከዚያ ኳስ መጣና እንድሪስ ቀይ፣ አበባው ሰማያዊ ሆኑ። አንድ ጊዜ እንድሪስ ከሚነዳው ሚኒባስ የባለቤቱን ድርሻ ከፍሎ የተረፈውን ለብዙ ወር አጠራቅሞ ማልያ ገዛ። ለኔ ነጠላ የሚገዛልኝ መስሎኝ ነበር። ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጀርባው ላይ የማላውቀው ሰው ስም የተጻፈበት። በሳምንቱ ብብቱ ሥር ተተረተረ፤ ቀይ ክር አጥቼ በቡኒ ክር ሰፋሁለት። ያንን የስፌት መስመር ዓይኔን ጨፍኜም በጣቴ አውቀዋለሁ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። ጥቂት ዓመት ሆኖታል። መንገዱ አንድ ጊዜ የሚዘጋበት፣ አንድ ጊዜ የሚከፈትበት፣ ስልክ ሲጠፋ ልብ የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። እንድሪስ ሰው ጭኖ ወደ ውጫሌ ሄዷል። ቅዳሜ ነው፤ ቀዩና ሰማያዊው ይጋጠማሉ። እሱ ኳሱ ሳያልፈኝ እመለሳለሁ ብሎ ነበር የወጣው፤ አልተመለሰም። እኔ የዛን ቀን ወገቤን አሞኝ መጥበሻዬን አልጣድኩም። ማልያውን አጥቤ ገመድ ላይ አስጥቼ፣ ቤት ውስጥ ጋደም ብያለሁ። ሰማያዊው ቀዩ ላይ አምስት አገባበት። ይሄንን እኔ ያወቅኩት በኋላ ነው።

አበባውና ጓደኞቹ ደስታው አናታቸው ላይ ወጣ። ቀዩን እንቅበረው ተባባሉ። ቅሬያችን፣ እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ የሚቀባበርበት ማኅበራችን ማለት ነው፣ ድንኳኑን፣ ድስቱንና ቃሬዛውን የሚያስቀምጥበት ዕቃ ቤት አለው። ቁልፉ ያለው የአበባው አባት ዘንድ ነው። አበባው ቁልፉን ሰርቆ ቃሬዛውን አወጣ። አባቶቻችንን የተሸከመውን፣ የእንድሪስን አባት የተሸከመውን ቃሬዛ። ከዚያ ከጓሮዬ ዞሮ የእንድሪስን ማልያ ከገመዱ ላይ አነሳና ቃሬዛው ላይ ዘረጋው። ለስምንት ተሸከሙት። ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀው፣ አበባው ፊት ፊት እየሄደ፣ «ወየው ቀዩ! ወየው የኔ ጌታ! ሳትጠግብ የሄድከው!» እያለ ወደ ደጄ መጣ።

«ወየው» የሚል ድምፅ ሰምቼ በሩን ከፈትኩት።

ሰው ይሄን ሲሰማ ሳቃቸው አይሰማሽም ወይ ይለኛል። አልተሰማኝም። እኔ ያየሁት ቃሬዛ ነው። ያየሁት ቀይ ማልያ ነው፣ ብብቱ ሥር ቡኒ ክር ያለበት። ያየሁት አብሮ አደጉ አበባው ደረቱን ሲመታ ነው። ከማልያው ሥር ሰው እንደሌለ አላየሁም፤ ልጇ መንገድ ወጥቶ ያልተመለሰላት እናት ቃሬዛ ገልጣ አታይም። «እንድሪሴን! ልጄን!» ብዬ ራሴን መሬት ላይ ጣልኩት።

የሚያስጠላኝ ይሄኛው ነው፤ እስከዛሬ ሳስታውሰው ምራቄ ይመረኛል። ልጆቹ አብሬያቸው የምቀልድ መሰላቸው! አንዱ «እማ ዘሀራ ትችልበታለች፣ አጂብ ነው!» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አበባው ይባስ ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ልቀሽ እማ! አምስት ነው የገባበት!» ይለኛል። አምስት ጥይት ነው የመሰለኝ። ፊቴን ቧጨርኩት። ደም ሲያዩ ነው ሳቁ የቆመው።

ግን አንዴ ጮሄያለሁ። በኛ አገር እውነተኛ የእናት ጩኸት አንዴ ከወጣ ማንም አይመልሰውም። ብርቄ ሊጡን ጥላ እጇ እስከ ክርኗ ነጭ ሆኖ እየሮጠች መጣች፤ ቃሬዛውን አየችና «ልጄን ልጄን» እያለች እኔ ላይ ወደቀች። ከገበያው ሴቶቹ መቀነታቸውን እያጠበቁ ጎረፉ። ወንዶቹ ሱቃቸውን ዘጉ። አበባው ቃሬዛውን አስቀምጦ «ኧረ ኳስ ነው! ኳስ ነው እኮ!» እያለ በሰው መሃል ይሮጣል። አንዷ ሴት ለሌላዋ «ኳስ ቤት ውስጥ ነው አሉ የገደሉት» አለቻት፤ ያችኛዋ «ዋይ!» ብላ ጮኸች፤ የኳስ ቤቱ ግድያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደረሰ። እንድሪስ ጋ ደወሉ፤ አይነሳም። አለመነሳቱ ደግሞ ለቅሶውን እውነት አደረገው። እዝን የያዙ ሴቶች መምጣት ጀመሩ፤ ንፍሮው እንዴት በዚያ ፍጥነት እንደተቀቀለ አላህ ነው የሚያውቀው።

እንድሪስ ስልኩን ያላነሳው መሪ ላይ ስለነበር ነው። የረዳቱ ስልክ ላይ ግን ተደውሎ ኖሯል። አንድ ደግ ሰው «በነእንድሪስ ቤት ለቅሶ አለ፣ ጩኸቱ ከቤቱ ነው» ይለዋል። በቤቱ ያለነው ሁለት ነን። እሱ መሪ ላይ ነው፤ ታዲያ የሞተው ማን ነው? እንድሪስ መኪናውን ከመንገድ ዳር አቁሞ እሪ አለ። ተሳፋሪዎቹ ወደ ደሴ ማዶ የሚሄዱ፣ እኔን አይተውኝ የማያውቁ ሰዎች፣ አብረውት አለቀሱ። «ንዳው ልጄ፣ አብሽር፣ በየመንገዱ አታውርደን፣ አብረንህ እንቀብራታለን» አሉት። ያንን ጠመዝማዛ እንዴት እንደነዳው ኋላ ስሰማ ነው ሁለተኛ የሞትኩት።

ሚኒባሱ ደጄ ቆመና በሩ ሲከፈት ለቅሶ የጫነ መኪና ሆነ። ዶሮ የታቀፈች ሴት «እናቴን! እናቴን!» እያለች ቀድማ ወረደች። የኛዎቹ ለቀስተኞች ከነሱ ጋር ተደባለቁ፤ እነሱ እናት ይላሉ፣ እኛ ልጅ እንላለን። ባለ ዶሮዋ እኔ አጠገብ ቁጢጥ ብላ እንባዋን እየጠረገች «የታለች ሟቿ?» አለችኝ።

«የቷ ሟች?» አልኳት።

«የሾፌሩ እናት።»

ቀና አልኩ። እንድሪስ በሴቶቹ ላይ እየተረማመደ ይመጣል። ቆሟል። እግር አለው።

«እኔ ነኝ መሰለኝ» አልኳት።

እሱ አየኝ፣ እኔ አየሁት። ሁለታችንም አንዳችን የሌላችንን ለቅሶ አቋርጠን ተቃቀፍን። ሽቱውም፣ ላቡም፣ ናፍጣውም ሸተተኝ፤ ያረቢ፣ ምስጋና ይድረስህ አልኩ። እንደታቀፍን፣ አገጩ ትከሻዬ ላይ እንዳለ፣ ቃሬዛውን አየ። ማልያውን አየ። ከቃሬዛው ጀርባ ሊደበቅ የሞከረውን አበባውን አየ። ከዚያ በጆሮዬ ሥር፣ እንባው ሳይደርቅ፣

«ስንት ገባብን?» አለ።

«አምስት» አለው አበባው በቀጭን ድምፅ።

«በናትህ!»

«በእናቴ። አምስት ለባዶ።»

«አስታግፊሩላህ!» ብሎ ልጄ ግንባሩን ያዘ። እናትህ ሞተች ተብሎ ሲመጣ እንዲህ አድርጎ ግንባሩን ይዞ እንደሆነ አላውቅም። ከእቅፌ ገፍትሬ አወጣሁት። ንፍሮው፣ እንባው፣ ዶሮዋ፣ ሁሉም ነገር ቀፈፈኝ። ልተፋ ወደ አጥሩ ሄድኩ።

ሰው ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ አበባውን ሊመታ ተነሳ። የቅሬያችን ሰብሳቢ ሸህ ይማም በዱላቸው መሬቱን መቱና ዝም አሰኙት። «ልጆች፣ ቃሬዛውን መልሱ። ነገሩን ሰኞ በቅሬው እናየዋለን» አሉ። ልጆቹ ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ ተስፈንጥሬ ቃሬዛው ላይ ተኛሁበት።

«አይነሳም! ሸህዬ፣ ይሄ ቃሬዛ የልጄን ልብስ ለብሶ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ ተለቅሶለት ደጄ ደርሷል። ባዶውን ከተመለሰ ሰው ፈልጎ ተመልሶ ይመጣል። እናቴ ትለው የነበረ ነው።»

«ዘሀራ፣ እንጨት ሰው አይጠራም። እንዲህ ያለው ነገር ከዲን ያስወጣል» አሉኝ በለሰለሰ ድምፅ።

«እርስዎ ሊቅ ነዎት። እኔ እናት ነኝ።»

ባለ ዶሮዋ «እውነቷን ነው! እኛ አገርም ባዶውን አይመለስም!» አለች። ሴቶቹ ሁሉ «አይመለስም! አይመለስም!» አሉ። ሸህ ይማም ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩና ለማብረድ ብለው «እንግዲያስ የጫኑትን ይቅበሩ። ማልያውን ቀብረው ይምጡ፣ ያልቃል» አሉ።

እንድሪስ ጮኸ። «ማልያዬን? ሸህዬ፣ ኦሪጅናል እኮ ነው!»

ይሄን ጊዜ አበባው ምንም ሳይናገር የራሱን ሰማያዊ ማልያ በአናቱ አወለቀ። ቀዩን ከሥሬ ስቦ ለእንድሪስ ወረወረለት፣ ሰማያዊውን እግሬ ሥር ቃሬዛው ላይ ዘረጋ። «የሱን አትቅበሩ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የኔን ቅበሩት» አለ። በዚያ ቀን አፉ የተናገረው ደህና ቃል እሱ ብቻ ነው።

ተገላገልኩ ብዬ ልነሳ ስል የብርቄን ፊት አየሁት። ሊጡ እጇ ላይ ደርቋል። አልጮኸችም፤ ሹክ ነው ያለችው። «ዘሀራዬ… የኔም አንድ ነው።»

ምን ልላት? ለሷ ልጅ ቁርስ ያበላሁ እኔ። ከኔ ደጅ የመለስኩትን ቃሬዛ ወደ ብርቄ ደጅ ልልከው ነው? እንድሪስም ገብቶት ኖሮ የራሱን ቀይ ማልያ ይዞ ቆሟል። ሰዉ ሁሉ አፌን ያያል። እውነቱን ልናገር፣ ለአንድ አፍታ «ይሂድ» ብዬ አስቤ ነበር። ልጅ ያላት ትፍረደኝ።

ከዚያ ሰማያዊውን ማልያ አነሳሁና ለብርቄ ወረወርኩላት። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ቃሬዛው ላይ እግሬን አጣጥፌ ተቀመጥኩበት።

«ባዶውን አይመለስም አይደል? በሉ ተሸከሙኝ።»

«አስታግፊሩላህ! ዘሀራ፣ ሕይወት ያለው ሰው ቃሬዛ ላይ አይወጣም!» አሉ ሸህ ይማም።

«ዛሬ ሁለት ጊዜ ተለቅሶልኛል ሸህዬ። ምን ቀረኝ? ቃሬዛው ተመልሶ ሲመጣ ለኔ ይምጣ።»

ዱላቸውን ተደግፈው አቀረቀሩ፤ ሳቃቸው ይሁን እንባቸው፣ ጢማቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ከዚያ ለልጆቹ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። አበባው ራቁት ደረቱን እንደሆነ በግራ ገባ፣ እንድሪስ በቀኝ፣ ሌሎቹ ከኋላ። አነሱኝ። ከተማችንን ከዚያ ከፍታ አይቼው አላውቅም ነበር። በኳስ ቤቱ በር ስናልፍ ሌላ ጨዋታ ጀምሮ ኖሮ በሩ ላይ የቆሙት ቆመው ቀሩ። ቃሬዛ ሲያልፍ ሰው ይነሳል፤ ቃሬዛው ላይ ያለችው ስትሳደብ ግን ምን እንደሚደረግ ማንም አልተማረም። «ምን ታያላችሁ? ገዝታችሁኛል?» አልኳቸው። ባለ ዶሮዋ ከኋላ እየተከተለች እልል ትላለች።

ወደ ቅሬው ዕቃ ቤት የሚወስደው ዳገት ላይ ቃሬዛው ወደ ኋላ ሲያዘነብል ከበታቼ ሹክሹክታ ሰማሁ።

«ሦስተኛዋ ግን ኦፍሳይድ ነበረች አሉ» ይላል እንድሪስ እያለከለከ።

«የምን ኦፍሳይድ! ተከላካያችሁ ቆሞ እያየ!»

ቀፈፈኝ። ቱ! አልኩ። ግን ልጄ ነው ከታች የሚያለከልከው፤ እኔ ነኝ ከላይ ያለሁት። ትከሻው በቀኝ ጉልበቴ ሥር ሞቆ ይሰማኛል። እናት ትቅደም፣ ልጅ ይሸከም፤ አላህ ያዘዘው ተራ ይሄ ነው። የቃሬዛውን ጠርዝ ጨብጬ «ቀጥ አድርጋችሁ ያዙኝ፣ የናንተ ነኝ» አልኳቸው።